የተዋሱትን መመለስ

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ኮምፒውተር ነው፤ በተለይም ማሽኑን ከተሰኩበት ዕቃዎች ጋር ስለሚያነጋግረው አስተርጓሚ፣ ድራይቨር ስለሚባለው ፕሮግራም። ኮምፒውተር የማትወዱ ብትኖሩ ታገሡኝ፤ ነገሩ የሁላችንንም ቤት ያንኳኳል።

ሲሪያል ፖርት የቆየ በር ነው። መረጃን በአንድ መስመር፣ አንዱን ቢት ከሌላው አስከትሎ ያሳልፋል። አርኤስ-232 የሚባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ያም ሆኖ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች፣ ሚዛኖችና የደረሰኝ ማተሚያዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል፤ ብዙ ጊዜም በዩኤስቢ መለወጫ በኩል።

ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይዋሳል። መጀመሪያ ሜሞሪ ይወስዳል። ቀጥሎ የፖርቱን አድራሻ ያስይዛል። ከዚያ ኢንተራፕት ይቀበላል፤ ይህም ዕቃው “መልእክት መጥቷል” ብሎ የሚጠራበት ደወል ነው። በመጨረሻም ስሙን ያስመዘግባል። ተራ ፕሮግራም ተውሶ ሳይመልስ ቢሞት ሲስተሙ ንብረቱን ይሰበስባል። ድራይቨር ግን የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ነው። እዚያ የረሳውን ሜሞሪ የሚሰበስብለት የለም፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ እንደ ተያዘ ይቀራል።

ጉዱ የሚመጣው መንገድ መሐል ነው። ሦስቱን ወስዶ አራተኛውን ቢከለከልስ? የወሰደውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል፣ የመጨረሻውን መጀመሪያ አድርጎ መመለስ አለበት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ጀምሮ መጨረስ ያቃተውን ሰው እናውቃለን። ሰዎች የሳቁበት ሳይጨርስ በመቅረቱ ነው፤ እኔ ግን ሜዳ ላይ ስለ ቀረው ድንጋይም አስባለሁ። ማን አነሣው?

የእድራችንን ድንኳን አስቡ። ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሳይነሣ ቢከርም ሌላ ሐዘንተኛ ድንኳን ያጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ለቀስተኛው ገና ተቀምጦ ሳለ አንዱ ቸኩሎ ምሰሶውን ቢነቅል ድንኳኑ በሰው ላይ ይወድቃል። በድራይቨር ዓለምም ሁለቱ በደሎች እነዚሁ ናቸው፤ የተዋሱትን አለመመለስና ሌላው እየተጠቀመበት ሳለ መልቀቅ። የመጀመሪያው ማሽኑን ቀስ በቀስ ያደክማል። ሁለተኛው ድንገት ሊጥለው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ቴጁን ሄኦ የተባለ ባለሙያ የሠራው ዘዴ ወደ ሊኑክስ ገባ። በዚህ ዘዴ ድራይቨሩ የተዋሰው ሁሉ በመሣሪያው ስም ይመዘገባል፤ ጅምሩ ሲከሽፍ ወይም መሣሪያው ሲነቀል ከርነሉ ራሱ ሁሉን ወደ ኋላ ቆጥሮ ያስመልሳል። የብዙ ዝንጉዎችን ዕዳ አቅልሏል። የምሰሶውን ችግር ግን ብቻውን አይፈታም፤ ገመዱ ሲነቀል ፖርቱን የከፈተ ፕሮግራም ገና ሊኖር ይችላልና። ለዚህ ከርነሉ ተጠቃሚዎችን ይቆጥራል። የመጨረሻው ሲወጣ ብቻ ድንኳኑ ይነሣል።

ይህን የተማርሁት አንድ የታመመ ወንድም ልጠይቅ በሄድሁበት ክሊኒክ ነው። የደም መመርመሪያው በመለወጫ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዟል። ገመዱ ሲነቃነቅና ተመልሶ ሲሰካ ውጤት መድረሱ ይቆማል፤ ማሽኑን አጥፍተው ያስነሣሉ። በዚያ መሐል ትኩሳት የያዘው ልጇን ታቅፋ የምትጠብቅ እናት ነበረች። በኋላ በሙያው የተሰማራ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት ሄዶ አየው። ድራይቨሩ ጥፋት አልነበረበትም። የውጤት መቀበያው ፕሮግራም የሞተውን ፖርት ሳይዘጋ ይዞ ስለ ቀረ ዜሮ ቁጥር አልተለቀቀም፤ መለወጫው ተመልሶ ሲሰካ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ፕሮግራሙ ግን በዜሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል! ወጣቱ ፕሮግራሙ ስሕተት ሲያይ የያዘውን ዘግቶ እንደ ገና እንዲከፍት አደረገው፤ ለመሣሪያውም የማይለወጥ ስም ሰጠው።

ወገኖቼ፣ እኛም ብዙ ነገር በውሰት ይዘናል፤ የቢሮ ቁልፍ፣ የኮሚቴ ወንበር፣ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ጊዜ። ስንቀበል ምስክር አለ፣ ጭብጨባም አለ። ስንመልስ ብዙ ጊዜ የሚያይ የለም። አደራ በላ የሚባል ሰው ሁልጊዜ ሌባ አይደለም፤ አንዳንዴ ሥራው ስለ ከሸፈበት ብቻ የያዘውን ሳይመልስ ዝም ብሎ የሄደ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። ጀምራችሁ ያልተሳካላችሁን አንድ ሥራ አስቡ፤ ለእርሱ ብላችሁ የወሰዳችሁት እጃችሁ ላይ ካለ ለባለቤቱ መልሱ። አሁንም የሚጠቀምበት ሰው ካለ ደግሞ እስኪጨርስ ታገሡት።

ጸጋ ይብዛላችሁ።