አምፑ ሳይሞት

ጋምቤላ ለሰው እንኳ በመጋቢት አትመችም፤ ለአምፕማ አታንሱት። ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ላብ በላብ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ምድጃ ለኮሰብኝ፤ የጊታር ቲዩብ አምፑን።

መቼስ የጊታር ሰው ያልሆናችሁ «ቲዩብ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። የድሮ ሬዲዮ ጀርባው ተከፍቶ ካያችሁ ታውቁታላችሁ፤ አምፖል የሚመስለው ብርጭቆ ነው። አየር የለውም። ውስጡ የጋለ ብረት ኤሌክትሮን ይተፋል፤ መሐል ላይ ያለው ፍርግርግ የጊታሩን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ያንን ጎርፍ እንደ ቧንቧ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ገመዱን በኃይል ስትመቱት ግን አቅም ያንሰዋል። ያኔ የሞገዱን ጫፍ እንደ ቢላ አይቆርጠውም፤ እያለዘበ ይጨፈልቀዋል። እኛ ታዲያ ይህንን ድክመቱን «ሙቀት» እያልን እንወድለታለን።

አምፑ የጓደኛዬ አጎት ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ጓደኛዬ የአኝዋክን የቶም ዜማ በጊታር መጫወት የለመደው በእርሱ ላይ ነው። (ቶም በአውራ ጣት የሚመቱ የብረት ምላሶች ያሉት የእንጨት ሣጥን ነው።) አሁን ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንዱ ቲዩብ ይንጫጫል። ምትክ ፍለጋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባን ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«አስመሳይ ግዛ!» አልኩት። ላይን 6 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ፖድ የምትባል ኩላሊት መሳይ ቀይ ዕቃ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ የጊታሩን ድምፅ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ቁጥሩን ቲዩብ እንደሚያጣምመው ያጣምመዋል፣ ከዚያ የስፒከሩን ጠባይ ይጨምርበታል።

«የማንን አምፕ ነው የሚያስመስለው?»

«የፌንደርን፣ የቮክስን፣ የማርሻልን...»

«የአጎቴንስ?»

ዝም አልኩ።

መልሱን በኋላ ላፕቶፕ ላይ አገኘነው። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተዘጋጀ የሙከራ ድምፅ በአምፑ ታሳልፋላችሁ፤ የወጣውን ትቀዳላችሁ፤ ሶፍትዌሩ የገባውንና የወጣውን እያነጻጸረ የአምፑን ጠባይ ይማራል። ችግሩ፣ በአንድ ቅጂ የሚማረው ማዞሪያዎቹ በዚያች ሰዓት የቆሙበትን ብቻ ነው። ፎቶ በሉት።

እና የትኛውን ድምፅ እናትርፍ? ጓደኛዬ አላመነታም። አጎቱ ማዞሪያዎቹ ዙሪያ በፕላስተር የለጠፋቸው ምልክቶች አሁንም አሉ፤ እዚያ ላይ አቆማቸው። ማይክ ስፒከሩ ፊት ደቀንን። ቀረጻው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደገና ጀመርን። አሁንም ሄደ። በሦስተኛው ሁለታችንም ሳንተነፍስ ጨረስን።

ሶፍትዌሩ ተምሮ ሲያበቃ ጓደኛዬ ኢርፎኑን አድርጎ ጊታሩን መታ። ብዙ ቆየ።

«ይመስላል» አለ በመጨረሻ። «እሱ ግን አይደለም።»

ክረምት ላይ ቲዩቡ ጨርሶ ሞተ። አምፑ አሁን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኗል። ባለፈው ስደውልለት ከኋላ የጊታር ድምፅ ሰማሁ፤ ያ የአጎቱ ድምፅ ነው። «መብራት አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለኝ። «በላፕቶፑ ባትሪ እየተጫወትኩ ነው።»