ድንጋይ አያበላም፦ ታሪክን በአትክልት ስለመዘከር

በዚህ አገር ታሪክ የሚዘከረው በሐውልትና በበዓል ነው። ሐውልቱ አንድ ቀን ይመረቃል፤ በዓሉ በዓመት አንድ ቀን ይከበራል። በቀሩት ቀናት ሐውልቱን የሚጠቀምበት ከሥሩ ጥላ ፍለጋ የተቀመጠ ሊስትሮ ነው። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ግን ሌላ መንገድ መሞከር ይችላሉ፦ ታሪክን የሚዘክር የጋራ የአትክልት ስፍራ።

ሐሳቡ የፈረንጅ የሚመስለው ሰው ቃሉን ያስተውል። በአማርኛ «ዝክር» ማለት ምን ማለት ነው? በቅዱሱ ስም ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ጎረቤትንና ድኻን ማብላት ነው። ተዝካርም እንዲሁ የሟችን ስም በማዕድ ማንሳት ነው። የጎጃም ሰው ከጥንት ጀምሮ የዘከረው በማብላት ነው። የማያበላ ዝክር የመጣው ከሐውልቱ ጋር ነው።

የመታሰቢያ አትክልትም ቢሆን አዲስ አይደለም። ሜዳውና ተራራው ለእርሻ ሲመነጠር የአገር በቀሉ ዛፍ ተጠግቶ የቀረው በየደብሩ ዙሪያ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው እዚያ አለ። በጥላው ሥር ያረፉት ደግሞ የአገሬው አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ዓድዋ የዘመተውም፣ በጣሊያን ጊዜ ዱር ቤቴ ያለውም። ያንን ደን ያተረፈው የጥበቃ ደመወዝ አይደለም። ሰው እግዚአብሔርን ይፈራል፣ አባቱ የተቀበረበትን ቦታም አይመነጥርም። ይህም ሆኖ ከብት ገብቶ ዳር ዳሩን ሲበላው፣ የ«እመጓ» ደራሲ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆኖ አንዳንድ ደብሮች ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ አድርጓል። ካብ ሲኖር ቡቃያው ራሱ ይነሳል።

የሚዘከረውስ ምንድን ነው? ብዙ ነው። ከተማዋ መንቆረር ስትባል ከነበረበት ዘመን ይጀምራል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምተዋል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ የገቡት በጎጃም አቋርጠው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ነው። አምስት ዓመት ለጣሊያን ያልተንበረከከው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለው ግን በገዛ አገሩ መንግሥት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ደግሞ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሳ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ይህን የገበሬ ታሪክ ከመሬት የተሻለ ምን ሊዘክረው ይችላል?

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሜትር ይዞ የሚመጣን ባለሥልጣን ገበሬው ዛሬም በጥርጣሬ ነው የሚያየው፤ ደግሞም ምክንያት አለው። መሬት ጠቧል፣ ወጣቱ የሚያርሰው አጥቷል። «ለታሪክ መታሰቢያ» ተብሎ የማንም የግጦሽ መሬት ቢከለል፣ የሚዘከረው የ1960ው አመፅ ሳይሆን የአመፁ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ አትክልቱ ሰፊ መሆን የለበትም። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የጤና ጣቢያ ጓሮ፣ በከተማው ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ ቦታ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ዕድሩና የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ይስማማ።

ሁለተኛው ችግር ዘመቻ ነው። በሚሊኒየሙ «ሁለት ዛፍ ለ2000» ተብሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። በእንዲህ ዓይነት ዘመቻ ጎልቶ የሚነገረው የተተከለው ቁጥር ነው። የጸደቀው ግን ባለቤት ያለው ነው። በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን በዲከረንስ የሸፈነው ከሰል ስለሚሸጥለት ነው። ባሕር ዛፍም በየጓሮው የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። የመታሰቢያው አትክልትም የሚቀጥለው ሰው ሲጠቀምበት ነው። ዳር ዳሩን ወይራና ኮሶ፣ መሃሉን ጌሾ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥጉን ጤና አዳምና ዳማከሴ። ምርቱ ለተማሪ ምሳ፣ ለጧሪ አልባ አረጋዊ፣ ለአራስ ይሁን። ያን ጊዜ ዝክር ይባላል።

«ሰላም በታጣበት ጊዜ ስለ ጎመን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ በሚፈራበት ቦታ ስለ ትምህርት ቤት አትክልት ማውራት ይከብዳል። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት የሞቱትም ነገ ዝክር ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ የሚቆመው ሐውልት ደግሞ የማን ስም ይጻፍበት በሚል ሌላ ጠብ እንዳይሆን ያሰጋል። በአንድ መደብ ላይ አብሮ መኮትኮት ግን የስም ዝርዝር አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ወንፈልና ደቦ ነው፤ ይህን ደግሞ ጎጃም ከማንም መማር አያስፈልገውም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ይጨመር። ችግኝ የሚተከለው በክረምት፣ በሐምሌ ነው። የካቲት 12፣ የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 የሚከበሩት ግን በበጋ ነው፤ ችግኙ በውኃ ጥም በሚደርቅበት ወቅት። እንግዲህ በእነዚያ ቀናት ተማሪው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሦስት ሰዓት ንግግር ከሚሰማ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዞ ይምጣ። ንግግሩ ውኃ ከጠጣ ችግኝ አጠገብ ቆሞ በአሥር ደቂቃ ይበቃል። ያ ልጅ ስለ ዓድዋ የሰማውን ቢረሳ እንኳ፣ ያጠጣውን ወይራ አይረሳም፤ ሲያድግም ማን እንደተከለውና ለምን እንደተተከለ የሚጠይቀው ልጅ ይኖረዋል።