ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አላንጠለጥልም

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ኳስ አጫውታለሁ። ባለገመድ ፊሽካ ስሮጥ ደረቴን ይደበድበኛል፤ ጣት ላይ የሚጠልቀው ይሻለኛል። የቅርጫት ኳስ ዳኞች አፋቸው ውስጥ አድርገውት ነው የሚሮጡት። እኔ ግን እጄ አፌ እስኪደርስ ያለችውን ቅጽበት እፈልጋታለሁ። የተጠለፈው ልጅ ተንገዳግዶም ቢሆን ኳሷን ይዞ ሊያመልጥ ይችላላ! ኮድ ቢሆን ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ፤ ፊሽካ ከተነፋ ግን የልጁ ጎል እዚያው ቀረ።

የኔው ፎክስ 40 ነው። ካናዳዊው የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሮን ፎክስክሮፍት ያሠራው፣ የድሮው ፊሽካ ውስጥ ያለችው ፍሬ እየተቀረቀረች አልነፋ ብላው ነው፤ ፍሬ አልባው እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ ላይ ዋለ። ስለዚህ አይቀረቀርም። ከመስመር ውጪ የቆሙት ይህን የት ያውቃሉ፦ «ዳኛ፣ ፊሽካህን ዋጥከው እንዴ?»