ቀለም ከመቀባታችን በፊት



ውድ አንባቢያን፣ ባለፈው ሰሞን ቀድሞ ሳስቀራው የነበረ አንድ ወጣት ከጅቡቲ ደወለልኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ «ኡስታዝ፣ የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ጠቆረብኝ፤ ጁምዓ ቀለም ልቀባው ነው» አለኝ። እኔም «ቆይ፣ ቀለሙን አትግዛ» አልኩት። እንዲህ ያልኩት የግንባታ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። ያደግሁት መድረሳ ውስጥ ነው፤ የዘመናዊ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በአንድ ጥቁር ግድግዳ ምክንያት ልጄን አስጨንቄአለሁ፤ ባለቤቴን በድያለሁ፤ አከራዬንም ያለ ጥፋቱ ወንጅያለሁ። ለእናንተም የማወጋችሁ ይህንኑ ነው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በድሬ የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ እናቶቻችን በረንዳውንና ወለሉን ውሃ ይረጩ ነበር። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስደዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ማታ ደግሞ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል። የድሬ አየር በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ይህ ዘዴ ይሠራል። በ2004 ዓ.ም ከቤተሰቤ ጋር ጅዳ ስገባም ይህንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። ቀን ሱቅ ውስጥ እሠራ፣ ማታ ልጆች አስቀራ ነበር። ቤታችን ምድር ቤት ያለ፣ ሁለት ክፍል የሆነ፣ አንድ ኤርኮንዲሽነር ያለው ነበር።

ጅዳ ግን ድሬ አይደለችም። ቀይ ባሕር ዳር ናት፤ በበጋዋ ሌሊት እንኳ ወበቁ አንገት ያንቃል። እኔ ግን ይህን ሳላስተውል ወለሉን ውሃ እረጫለሁ፤ ኤርኮንዲሽነሩን እከፍታለሁ፤ «ንጹሕ አየር ይግባ» ብዬም መስኮቱን በጥቂቱ ገርበብ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «መስኮቱን ዝጋው፣ ቤቱ እየረጠበ ነው» ስትለኝ፣ «ቤት የሚታፈነው ሲዘጋ ነው» እላታለሁ። የታጠበውንም ልብስ ጣሪያ ድረስ መውጣት ስለሚያደክም ከአልጋው በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ እናሰጣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጣ። ኪታቦቼ ሽታ አመጡ፤ ገጾቻቸው ተንሻፈፉ። ከሁሉ የከፋው ግን ያኔ የ5 ዓመት የነበረችው ልጄ ነገር ነው። ሌሊት ሌሊት ደረቷ ሲር ሲር ይል፣ ተነሥታም ቁጭ ብላ ትንፋሽ ትፈልግ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ልጅ አጠገብ ያደረ ወላጅ የምለውን ያውቃል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? በመጀመሪያ ባለቤቴን «የድስትሽ እንፋሎት ነው» ብዬ ተቆጣኋት። ቀጥሎ አከራዩ ዘንድ ሄጄ «ቧንቧህ ያፈሳል» ብዬ ሰው ፊት ተናገርኩት። ቧንቧ ሠራተኛ ላከ፤ ምንም አላገኘም። ከዚያ ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን ቀባሁት። ከወር በኋላ ቀለሙ ተላጠ፤ ጥቁሩም ተመለሰ። እንደገና ቀባሁት። ሽታውን ለማጥፋት ደግሞ ቡኹር አጨስ ነበር። ጭስ የደከመን ሳንባ እንደሚያስቆጣ ማን በነገረኝ!

ልጄን የወሰድኩበት ሐኪም «ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከፋኝ። ድህነቴን የጠየቀኝ መሰለኝ፤ «የለውም» ብዬ ዋሸሁት።

አላህ ይስጠውና፣ ጉዳዩን የገለጠልኝ ኤርኮንዲሽነር የሚጠግን አንድ የወሎ ልጅ ነው። ማሽኑን ሊያጸዳ መጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ሰጠነው። ሳይጠጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና፣ «ኡስታዝ፣ ብርጭቆው ላይ ያለውን ይዩልኝ። ውጭው ረጥቧል። ተሸንቁሮ ነው እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ አልቦት ነው» አልኩት። «ግድግዳዎም እንደዚሁ አልቦት ነው» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ የውሃ ተን ይሸከማል። 1 ሜትር ኩብ አየር በ35 ዲግሪ ሙቀት እስከ 40 ግራም ገደማ ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ በ24 ዲግሪ ግን ከ22 ግራም ገደማ በላይ አይችልም። ስለዚህ ተን የጠገበው የባሕር ዳር አየር በመስኮት ገብቶ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ትርፉን ውሃ እዚያው ያራግፋል። ነፋስ ከማይደርስበት ከቁም ሳጥን ጀርባ ሻጋታው የሚጀምረውም በዚሁ ነው።

የጅዳን አሮጌ ሰፈር፣ አል-በለድን ያየ ሰው የቀድሞዎቹን ብልሃት ያውቃል። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩና ፎቅ ያላቸው ናቸው፤ ሮሻን በሚባሉት ባለፍርግርግ የእንጨት መስኮቶቻቸውም ነፋስ ይመላለሳል። ነፋሱ አየሩን አያደርቀውም፤ ነገር ግን የሰውን ላብ እያተነነ ያቀዘቅዛል፤ ግድግዳውም ከውጭው አየር ብዙ ስለማይቀዘቅዝ እምብዛም አያልበውም። የዛሬ ቤት ደግሞ ተዘግቶ በማሽን ይቀዘቅዛል። ሁለቱም መንገድ ናቸው። ጥፋቱ ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ እኔ ያደረግሁትም እርሱን ነው። ወይ ከፍቶ በማራገቢያ ማናፈስ፣ ወይ ዘግቶ ማድረቅ!

ኤርኮንዲሽነር ሲያቀዘቅዝ ተኑን ወደ ውሃ ለውጦ በቱቦ ያስወጣል። ወጣቱ በነገረኝ መሠረት ከቱቦው ሥር ባለ 10 ሊትር ባልዲ አኖርኩ። ከዒሻ በኋላ ባዶ የነበረው ባልዲ ለፈጅር ስነሣ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ልጄ የምትተኛበት አየር ውስጥ የነበረ ነው! እርጥቡን ልብስ ደግሞ በሱቁ ሚዛን መዘንኩት፤ ሲደርቅ 3 ኪሎ ቀነሰ። ያም ማለት ከአልጋችን በላይ 3 ሊትር ውሃ እናተን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አልነበረም። ኤርኮንዲሽነሩ ሲሠራ መስኮቱን ዘጋን። ወለል መርጨት ቀረ። ልብሱን ጣሪያ ላይ ማስጣት የእኔ ሥራ ሆነ። የመታጠቢያ ቤቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ አስጠገንን፤ ውዱእ ስናደርግ የሚፈሰውንም ውሃ ወዲያው ገፍተን በሩን መዝጋት ጀመርን። ድስት ተከደነ። ቁም ሳጥኑንና የኪታቡን መደርደሪያ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅናቸው። የማሽኑን ማጣሪያ በየሁለት ሳምንቱ አጠብን። ማራገቢያው ያለማቋረጥ እንዳይዞር፣ ማቀዝቀዙ ሲቆም አብሮ እንዲቆም አደረግነው፤ አለዚያ በማሽኑ ቱቦዎች ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ቤት ውስጥ ይነፋዋል። ለክፍሉ ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ማሽንም ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚቆም ተኑን ሳያወጣ ይቀራል፤ ስለዚህ ስትገዙ «ትልቅ ይሻላል» አትበሉ። ጨውና ከሰል በሳህን ማኖር ለመሳቢያ ይረዳ ይሆናል፤ ለክፍል ግን አይበቃም።

ሻጋታውን በሳሙናና በውሃ ፈግፍገን አደረቅነው። በረኪና የሚጠቀም ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድ ጋር አይቀላቅለው፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። እርጥበት መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢያነብ መልካም፣ ከ60 ካለፈ ግን አደጋ ነው። እርጥበቱ ከወዴት እንደሆነ ለመለየት ደግሞ የላስቲክ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና ሁለት ቀን ጠብቁ። ውሃው በክፍሉ በኩል ከታየ ከአየሩ ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግን ከግድግዳው ውስጥ ነውና ያኔ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

በወሩ ያንኑ ባልዲ ከቱቦው ሥር አኖርኩት፤ ለፈጅር ግማሽ አልደረሰም። የልጄ አስም ጨርሶ ተወ አልልም፤ መድኃኒቷም አልተቋረጠም። ቁጭ ብላ የምታነጋባቸው ሌሊቶች ግን እየተራራቁ ሄዱ። አልሃምዱሊላህ።

አከራዩን በተናገርኩበት ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሐኪሙንም ሄጄ «ዋሽቼዎት ነበር» አልኩት። ለባለቤቴ ግን ቃል አጠረኝ። እሷም እርጥቡን ልብስ በሳፋ እያቀበለችኝ፣ «እኔስ መስኮቱን ዝጋው ብዬህ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ጣሪያው ድረስ ስወጣ ያ ሳፋ ከበደኝ።

ከጅቡቲ የደወለውን ወጣት «በመጀመሪያ ሚስትህን ጠይቃት፤ ከአንተ ይልቅ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት» አልኩት። ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። በአንድ አገር የሚያቀዘቅዝ ልማድ በሌላው አገር ያሳምማል። ግድግዳ ሲጠቁር ቀለም ከመግዛታችን፣ በሰውም ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ እንመርምር። ብዙ ጊዜ ከራሳችን እጅ ነው።