ፊደሉ ገባ፤ ንባቡስ?

ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ይባላል። መንደርስ ትሁን፤ ለመሆኑ በመንደሯ ሸንጎ የሚሰማው የማን ቋንቋ ነው?

የዓለምን ፊደላት በቁጥር እየመዘገበ ለኮምፒዩተር የሚያስተዋውቀው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል አልነበረበትም። የገባው በ1999 ነው። ስምንት ዓመት ደጅ ጠናን ማለት ነው።

ዛሬ ፊደላችን በየእጅ ስልኩ አለ። ታዲያ ምን ይነበብበታል? ዊኪፒዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ በአማርኛ ያሉት 20 ሺህ እንኳ አይሞሉም። እናቴ የደም ብዛት መድኃኒቷን ወረቀት ዘርግታ «ምን ይላል?» ስትለኝ የምትጠይቀኝ ስለ ገዛ ሕይወቷ ነው። ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ቋንቋው ግን የሰው ነው። እኔ ከቤት የሌለሁ ቀንስ?

ሽቦው ይዘርጋ፣ ስልኩም ይዳረስ፤ ደግ ነው። ግን ባዶ እንስራ ቢሸከሙት ጥም አይቆርጥም። በሰው ቋንቋ የተማርን ሁሉ ዕዳ አለብን፤ ለፈተና ብለን ካነበብነው አንዷን ገጽ እንኳ በየአፍ መፍቻ ቋንቋችን ጽፈን እንመልስ። አለዚያ የተማረው ማን ነው? ለማንስ ነው የተማረው?