የጊዮርጊሱ ፈረሰኛ

ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ ልጅ ይዞ የሚያልፍ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፦ «አባባ፣ ፈረሱ ላይ ያሉት ማን ናቸው?» «አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፉት» ብለን እናልፋለን። የፈረሱን ስም ከጠየቀ ደግሞ አባ ዳኘው በሉት፤ ደስ ይለዋል። (አደባባዩ ዙሪያ መኪና ስለሚበዛ እጁን አትልቀቁ።)

ሐውልቱን ግን ምኒልክ አላቆሙትም። የተመረቀው ጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ በዋዜማው ነው። የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በሕይወት አሉ፤ ግን እስረኛ ናቸው። አዲሱ ንጉሥ የምኒልክ የአክስት ልጅ የራስ መኮንን ልጅ ናቸው። እንግዲህ ለዘውዱ በዓል ዓለም በተሰበሰበበት ሰሞን ያን ሐውልት መግለጥ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ «የምኒልክ ወራሽ እኔ ነኝ» ማለት ነበር።

ለዘውዱ በዓል ከመጡት እንግዶች አንዱ የጣሊያን ልዑል ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ያዘና ሐውልቱን በሌሊት አንስቶ ቀበረው። የነሐስ ፈረስ ምን ያመጣል ብሎ አልናቀውም። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደርግም ዘውዱን ሲያወርድ ይህን ሐውልት ትቶታል።

ዛሬ ክርክሩ በእኛው መካከል ነው። ለብዙ ቤተሰብ ምኒልክ ማለት ዓድዋ ነው። አያቶቻቸው በምኒልክ ዘመቻ የተወጉባቸው ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ፤ አርሲ፣ አኖሌ ላይ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የተቆረጠ ጡት የያዘው እጅ የእነሱ ሐውልት ነው። ሐረር የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት ሰኔ 2012 ዓ.ም. በተቆጡ ሰዎች ተገፍቶ ወድቋል። የሁለቱም ቤት ልጆች ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ለልጁ ግማሹን ብቻ ነግሮ ማለፍ አይበጅም፤ ሌላውን ግማሽ ከጓደኛው ሲሰማ ወይ ጓደኛውን ይጠላል፣ ወይ እኛን ማመን ይተዋል። ሁለቱም ከእኛው አፍ ቢሰማው ይሻላል።

ሴት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ተዘጋጁ፦ «እቴጌ ጣይቱስ የት አሉ?» ከተማዋን «አዲስ አበባ» ያሏት እሳቸው ናቸው፤ አደባባዩ ላይ ግን ንጉሡ ብቻቸውን ናቸው። በስማቸው የሚጠራው፣ እሳቸው ያቋቋሙት ሆቴል ሩቅ ስላልሆነ በእግር ውሰዷት።