ሙቀቱን ማን ለካው?

ያለ ማገዶ የሚነድ እሳት ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ምኞት ነው። ይህን ምኞት የምንነቅፍ አይደለንም፤ እናቱ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ከተራራ ስትወርድ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምኞትና እውነት በአንድ ቤት ሲያድሩ፥ ምኞት የእውነትን ልብስ ለብሶ ማለዳ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እኛ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ስሕተታችን ነውና፥ የሆነውን ለአንባቢዎቻችን መንገር ይገባናል።

በ1981 ዓ.ም. በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርን። በዚያ ዓመት መጋቢት 14 ቀን፥ ማለት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 23 ቀን 1989፥ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የታወቁ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ሰብስበው አንድ አስደናቂ ነገር ገለጹ። ነገሩም እንዲህ ነው። ዲዩተሪየም ከተባለው ከባድ ሃይድሮጂን የተሠራውን ውሃ በብርጭቆ ዕቃ አድርገው፥ ፓላድየም የተባለ ማዕድን ነክረው ኤሌክትሪክ ቢያሳልፉበት፥ ከገባው ኀይል የሚበልጥ ሙቀት ወጣ አሉ። ትርፉ በኬሚስትሪ ሕግ የማይገለጽ ስለሆነ፥ በፓላድየሙ ውስጥ የአቶም አስኳሎች ቢዋሐዱ ነው ብለው አወጁ። ይህን የመሰለው ውሕደት በፀሐይ እምብርት የሚፈጸመው በ15 ሚሊዮን ዲግሪ ያኽል ሙቀት ነው፤ እነርሱ ግን በጠረጴዛ ላይ አደረግነው አሉ።

ወሬውን በሬዲዮ በሰማን ማግስት ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የማገዶ ዘመን አበቃ» ብለን በትልቁ ጻፍን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ብዙዎቹም ቃሉን በደብተራቸው ገለበጡ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቻ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ ሙቀቱን ማን ለካው?» ሲል ጠየቀ። «ራሳቸው ሊቃውንቱ» አልነው። «ሌላ ሰውስ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኛም ሣቅንና «ተቀመጥ» አልነው።

ሌላ ሰው መለካት የጀመረው ግን ወዲያው ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ነገሩ በእርግጥ የአስኳሎች ውሕደት ቢሆን ኖሮ፥ በታወቀው ሕግ መሠረት ለአንድ ዋት ሙቀት በየሰከንዱ አንድ ሺህ ቢሊዮን ያኽል ኒውትሮኖች መውጣት ነበረባቸው፤ ይህም አጠገቡ ለቆመ ሰው ሕይወት የሚያሠጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ኒውትሮን አገኘን ብለው ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያቸው ሙቀት ሲያገኘው የሚሳሳት መሆኑን ስለ ደረሱበት በጥቂት ቀን ውስጥ ቃላቸውን መለሱ። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ናታን ሉዊስና ጓደኞቹ ሥራውን ደግመው ትርፍ ሙቀት አጡ። ውሃው በሚገባ ካልተማሰለ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ይሞቃል፤ ይህን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የተተከለበት ቦታ ብቻውን የሌለውን ትርፍ ያለ ሊያስመስል እንደሚችል አስረዱ። የዩታ ግዛት ምክር ቤት 5 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት የተቋቋመውም የምርምር ተቋም በ1991 ተዘጋ።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራን። የኬሚስትሪ መምህር የነበረ አንድ ባልደረባችን በመምህራን ክፍል ውስጥ፥ «ፍላይሽማን እኮ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሙቀት መለካት አያውቅም ትላላችሁ? ሊቃውንትስ እውነትን አልቀበልም ያሉበት ጊዜ የለም?» ብሎ ተከራከረን። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት በሰሌዳ ላይ የጻፍነውን ረስተን፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብለን መለስንለት። ሁሉም ሣቀ፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ጉዳዩንም ዳግመኛ አላነሣውም።

ዛሬ ስናስበው ተረት መለኪያ አይደለም። ለባልደረባችን ልንሰጠው የሚገባን መልስ ሌላ ነበር። ሮንትገን በ1895 ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘሁ ሲል ነገሩ ከዚህ ያላነሰ እንግዳ ነበር፤ ነገር ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በገዛ መሣሪያቸው ደግመው አዩት። እንግዳ ነገር እውነት የሚሆነው በተናጋሪው ማዕርግ ሳይሆን፥ የማያምነውም ሰው ሠርቶ ሲያገኘው ነው። በሌላ በኩል ሣቅም አንድን ጥያቄ አይዘጋም። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር የሰየመው ጉባኤ በኖቬምበር 1989 ማስረጃው አያሳምንም ሲል፥ በጥንቃቄ ለሚደረጉ አነስተኛ ምርመራዎች ድጋፍ መስጠትን አልተቃወመም። ጉግል በ2015 የጀመረው ምርምር በ2019 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፥ ተመራማሪዎቹ ከብዙ ድካም በኋላ የውሕደቱን ማስረጃ እንዳላገኙ ገለጹ፤ ለሌላ ጥናት የሚረዳ የአለካክ ብልኀት ግን አተረፉ። እነዚህ ሰዎች አላጨበጨቡም፤ አልሣቁምም፤ ለኩ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ መስሎን ሳለ፥ በቅርቡ ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ ቤታችን መጣ። የመጣው ያ ጠያቂው ልጅ አልነበረም፤ «የማገዶ ዘመን አበቃ» የሚለውን በደብተሩ ከገለበጡት አንዱ ነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጉዳዩን ነገረን። ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል የተባለ ማሞቂያ የሚያስመጣ ሰው ሸሪክ ሁነኝ ብሎታል፤ እርሱም ለልጆቹ ማስተማሪያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያወጣ ቆርጧል። ከውጭ አየር ሙቀት የሚስብ መሣሪያ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል እናውቃለን፤ ይህ ግን ከየትም ሳይስብ ነው ተባለ። «መምህር፥ በዐይኔ አይቻለሁ፤ እንፋሎቱ ከቧንቧው ይትጎለጎላል። እርስዎም ያን ጊዜ ነግረውን ነበር» አለን።

ይህ የመጨረሻ ቃል ልባችንን ወጋው። ስለዚህ በ2011 ጣሊያናዊው አንድሬያ ሮሲ በቦሎኛ ከተማ በኒኬልና በሃይድሮጂን የሚሠራ መሣሪያ ባሳየ ጊዜ ክርክሩ በዚሁ በእንፋሎት ላይ እንደ ነበረ አስረዳነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ፥ ያንኑ ውሃ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ስድስት ተኩል እጥፍ የሚያኽል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቧንቧው የሚወጣው እኩሌታው ውሃ ሆኖ ሳለ ሁሉን እንፋሎት ነው ብሎ የሚያሰላ ሰው፥ ሳይዋሽም ቢሆን ብዙ ትርፍ ያገኛል። የሮሲና የገንዘብ ሸሪኮቹ ጉዳይ በ2016 ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2017 በስምምነት አለቀ፤ ሁሉን የሚያስማማ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለን። «በርሜል ውሰድ» አልነው። «100 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሙላበት፤ እንፋሎቱን በቧንቧ እዚያው ውስጥ አስገባው፤ ውሃውን እያማሰልህ ቴርሞሜትርና ቆጣሪ ተመልከት። ቆጣሪው 1 ኪሎዋት ሰዓት በቈጠረ ጊዜ፥ ተራ ማሞቂያ ውሃውን ከ8 ዲግሪ ተኩል እምብዛም አያሳልፈውም። ወደ 26 ዲግሪ ከጨመረ ግን ተመለስና ንገረን፤ እኛም ያለችንን ጨምረን ሸሪክ እንሆንሃለን።»

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። ሻጩ ገንዘብ ያልከፈለ ሰው መሣሪያውን እንዲለካ አልፈቅድም ብሎታል። ገንዘቡ ተረፈ፤ ፊቱ ላይ ያየነው ግን ደስታ አልነበረም። ለዓመታት በደብተር ይዞት የኖረውን ተስፋ፥ የሰጠነው እኛው መልሰን ወሰድንበት። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም «ግድ የለም፥ መምህር» አለን።

ያ ከኋላ ይቀመጥ የነበረው ዝምተኛ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢገባ፥ በዚያ ቀን ከክፍሉ ሁሉ ትክክለኛውን ነገር የተናገረ እርሱ ብቻ እንደ ነበረ፥ መቀመጥ የሚገባንም እኛ እንደ ነበርን ይወቅልን።